ከበቅሎ መውረድ

ነገሩ የተጀመረው በዝናብ ነው። ባለፈው ሰኔ፥ በፈተናው ሰሞን፥ ከቤተ መጻሕፍት ወጥቼ ወደ መማሪያው ሕንፃ ስገሰግስ ዝናቡ በላዬ ላይ ወረደ። ደብተሬን ከሹራቤ ሥር ወሽቄ ግድግዳ ለግድግዳ ስሄድ አንዲት መኪና አጠገቤ ቀጥ አለች። መምህራችን ናቸው። መስኮቱን ዝቅ አድርገው፥ «ግባ እንጂ ልጄ፥ ትበሰብሳለህ እኮ» አሉኝ። «ኧረ ግድ የለም፥ ወንበሩን አበላሽብዎታለሁ» እያልኩ ገባሁ። ትሕትናው በአፌ ላይ ቀረ፤ እግሬ ግን ቀድሞ ገብቶ ነበር።

ውስጡ ይሞቃል። ዝናቡ ጣራውን ሲደበድብ ይሰማል እንጂ አይነካም። እውነቱን ልናገርና ደስ አለኝ። ጥቂት እንደ ሄድን ከፊታችን አንድ ልጅ የመንገዱን መሐል ይዞ በክራንች ሲሄድ አየን። የመንገዱን ዳር ጎርፍ በልቶታል፤ ቦዩም ክዳን የለውም፤ ስለዚህ ለክራንች የሚመቸው አስፋልቱ ብቻ ነው። መምህራችን ቀስ አድርገው ጡሩምባ ነፉ። ልጁ አልሰማም። ደገሙ። ያን ጊዜ በሆዴ፥ «ምን ያንቀራፍፈዋል ይኸ ሰውዬ! ዞር አይልም እንዴ!» አልኩ። ልጁ ዞር ሲል አንዱ ክራንቹ ኩሬ ውስጥ ገባ፤ እኛም ስናልፍ የጭቃው ውሃ እስከ ወገቡ ረጨው። ቀና ሲል ፊት ለፊት ተያየን። የመኝታ ክፍሌ ልጅ ነው፤ አልጋው ከእኔ አልጋ ሥር ነው።

ማታ ይቅርታ ጠየቅሁት። «አንተ መች ነዳህ?» አለና ሱሪውን ከአልጋው ብረት ላይ አሰጣ። ቆይቶ ግን፥ «ያስገረመኝ ውሃው አይደለም፤ ፊትህ ነው። ተቆጥተህብኝ ነበር እኮ» አለኝ።

ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ስለዚያ ፊት ነው። ከአምስት ደቂቃ በፊት እኔም እግረኛ ነበርኩ። የለወጠኝ መጽሐፍ አይደለም፥ ክፉ ምክርም አይደለም፤ አንድ ወንበር ነው። ታዲያ አንድ ወንበር ሰውን በአምስት ደቂቃ ይህን ያህል የሚለውጠው ከሆነ፥ በግቢያችን ስለ መጓጓዣ የምንነጋገረው ነገር የሞተርና የጎማ ጉዳይ ብቻ ሊሆን አይችልም። የምግባርም ጉዳይ ነው።

ሰሞኑን በየስብሰባው «ዘላቂ ትራንስፖርት» የሚል ቃል ይሰማል። ትርጉሙ ከባድ አይደለም፤ ዛሬ እኛን ሲያደርስ ነገ የሚመጡትን አየርና መሬት የማያሳጣ፥ አንዱን ሲመች ሌላውን የማያስቀር መጓጓዣ ማለት ነው። በአንዱ ውይይት ላይ አንድ ተማሪ ተነሥቶ፥ «እኛ ተማሪዎች እኮ ለዓለም ምሳሌ ነን፤ በእግራችን ነው የምንሄደው፤ ጭስ የለብን፥ ነዳጅ አንፈጅ!» አለ። ተጨበጨበለት። እኔም አጨበጨብኩ። ኋላ ግን ነገሩ ከነከነኝ።

በእግር መሄዱስ እውነት ነው። በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላዩ በእግር ነው። ነገር ግን ያ ሁሉ እግረኛ የሚሄደው መርጦ ነው ወይስ አጥቶ? ቤቱ ሥጋ የሌለው ሰው «ዛሬ ዓርብን ጾምኩ» ቢል ማን ያመሰግነዋል? ያጣና የጾመ በሆዳቸው ባዶነት አንድ ናቸው፤ በምግባር ግን አንድ አይደሉም። አርስጣጣሊስ ስለ ሥነ ምግባር ሲያስተምር በጎነትን ከምርጫ ጋር ማያያዙ ያለ ምክንያት አይደለም። ሌላ ማድረግ ያልቻለ ሰው የሠራው ሥራ ጠቃሚ ሊሆን ይችላል፤ እርሱን ራሱን ግን በጎ ሰው አያሰኘውም። የእኛም እግረኝነት ከዚህ አያልፍም። ዛሬ ጭስ የሌለን ገንዘብ ስለሌለን ነው።

«በምን አወቅህ?» ትሉኝ እንደሆነ፥ መብራት ከጠፋ በኋላ በየመኝታ ክፍሉ የምናወራውን አስታውሱ። ሥራ ስንይዝ መጀመሪያ የምንገዛው ምንድር ነው? መኪና ነው። ቀለሟን ሳይቀር መርጠናል። እንዲያውም በእኛ ክፍል ጋብቻ የሚመጣው ከመኪናዋ በኋላ ነው።

በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች ይባላል። አባቷ አህያ መሆኑን ደበቀች። እኔም በዚያ ዝናብ እንደ እርሷ ሆንኩ፤ ከእግረኛ መወለዴን ለመርሳት አምስት ደቂቃ በቃኝ። እንግዲህ ዛሬ በምን እንደምንሄድ መጠየቅ ብቻ አይበቃም። ቁልፉ እጃችን ሲገባ ምን ዓይነት ሰው እንሆናለን? የዚህ መልስ ሥራ በያዝንበት ቀን ድንገት የሚመጣ አይደለም፤ እዚሁ ግቢ ውስጥ፥ በየቀኑ በምናየውና በምንለምደው ነገር እየተዘጋጀ ነው። መንገዱ ለባለ መኪናው ሲለቀቅ እያየ አራትና አምስት ዓመት የኖረ ተማሪ፥ ተራው ሲደርስ እንዲለቀቅለት ቢጠብቅ ምን ይደንቃል?

በአገራችን ትምህርትና እግር የቆየ ዝምድና አላቸው። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ከመንደር ውሻ ጋር እየታገለ፥ ለቅኔ ጎጃም፥ ለድጓ ቤተልሔም፥ ለአቋቋም ጎንደር ሲል አገር ያቋርጥ ነበር። ይህን የማነሣው ድህነቱን ላሳምር ብዬ አይደለም። በቅሎ ቢያገኝ ኖሮ ደስ እያለው ይቀመጥባት ነበር። ነገሬ ስለ ባለ በቅሎው ነው። ያ ሹም፥ ያ ባላባት፥ አሽከር አስከትሎ ሲሄድ ሰው ሁሉ መንገድ የሚለቅለት ጌታ፥ ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ምን ያደርግ ነበር? ከበቅሎው ይወርድ ነበር። በቅጽሩ በር ላይ ወርዶ በእግሩ ይገባል። በቅሎዋ ርኩስ ስለሆነች አይደለም፤ ቦታው ሁሉም በአንድ ቁመት የሚቆምበት ስለሆነ ነው። በበቅሎ ላይ ያለ ሰው ሌላውን የሚያየው ቁልቁል ነው፤ ቁልቁል እያዩ ደግሞ አብሮ መጸለይ የለም። በመስጊድም የሀብታሙም የድሃውም ጫማ በር ላይ ይቀራል።

ዩኒቨርሲቲ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም አይደለም። ሆኖም እርሱም የራሱ የእኩልነት ሕግ አለው፤ ቢያንስ አለኝ ይላል። በክርክር የሚረታው የተሻለው ሐሳብ ነው እንጂ የተሻለው ኮት አይደለም እንባባላለን። ታዲያ ይህ ሕግ ከመማሪያው ክፍል በር ሲወጣ ለምን ይቋረጣል? ክፍል ውስጥ እኩል ተቀምጠን ስንከራከር የቆየን ሰዎች፥ ከደቂቃ በኋላ አንዳችን ጡሩምባ ነፊ፥ ሌላችን ኩሬ ዘላይ የምንሆነው ለምንድር ነው? ባላባቱ ከበቅሎ የሚወርድበት በር ነበረው። የእኛ በር የቱ ነው?

ስሜት ብቻ እንዳይሆንብኝ ነገሩን በመለኪያ ላስቀምጠው። ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት አንድን ሥራ ለመመዘን፥ ይህን የምታደርግበት ደንብ ለሰው ሁሉ ሕግ ቢሆን ትፈቅዳለህ ወይ ብለህ ራስህን ጠይቅ የሚል ሐሳብ አለው። እስቲ በግቢያችን እንሞክረው። ሁሉም ሰው በእግሩ ቢሄድ ምን ይሆናል? መንገዱ ይሞላል፥ ወሬው ይደምቃል፥ ሌላ ምንም። ሁሉም በብስክሌት ቢሄድ? ብረት ተክሎ ማቆሚያ መሥራት ያስፈልጋል። ሁሉም በየግሉ መኪና ቢመጣስ? ግቢው ያልቃል። ዛፉ ይቆረጣል፥ የኳሱ ሜዳ ይሄዳል፥ በመጨረሻም ራሳቸው መኪኖቹ መንቀሳቀስ ያቅታቸዋል።

አንዲት መኪና ቆማ 12 ካሬ ሜትር ያህል ትይዛለች። እኛ የምንተኛበት ተደራራቢ አልጋ ደግሞ 2 ካሬ ሜትር አይሞላም፤ ሁለት ሰውም ይተኛበታል። መተላለፊያውን ሳንቆጥር፥ አንዲት መኪና ከጧት እስከ ማታ በምትተኛበት ቦታ ላይ ስድስት አልጋ ይገባል፤ አሥራ ሁለት ተማሪ ማለት ነው። ክብደቱንም እዩት። ከ1000 ኪሎ የሚበልጥ ብረት የሚንቀሳቀሰው 70 ኪሎ የማይሞላ ሰው ለማድረስ ነው፤ ነዳጁ የሚያልቀው በአብዛኛው ብረቱን ራሱን ለመውሰድ ነው። ብስክሌት ግን 15 ኪሎ ገደማ ሆና ከራሷ አራትና አምስት እጥፍ የሚከብድ ሰው ትሸከማለች። ጥቂቶች ሲጠቀሙበት ብቻ የሚሠራ፥ ሁሉም ሲጠቀምበት ግን የሚፈርስ ነገር መብት አይባልም፤ ልዩ መብት ነው።

ኢቫን ኢሊች የተባለው ጸሐፊ፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጀመሪያ፥ ስለ ኃይልና ስለ እኩልነት በጻፈው ትንሽ መጽሐፍ አንድ አሜሪካዊ በዓመት ለመኪናው የሚያጠፋውን ሰዓት ደምሮ ነበር። የሚነዳበትን ብቻ አይደለም፤ መኪናውን ለመግዣ፥ ለነዳጅ፥ ለመድን ገንዘብ ለማግኘት የሚሠራበትንም ሰዓት ጨመረ። ድምሩ 1600 ሰዓት፥ ጉዞው ደግሞ 12000 ኪሎ ሜትር ያህል ሆነ። ስታካፍሉት በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ብስክሌተኛ ይቀድመዋል። በሒሳቡ መከራከር ይቻል ይሆናል፤ ግን የተገዛው ፍጥነት ስንት የሕይወት ሰዓት እንደተከፈለበት መጠየቅን ያስተምራል። ያን መኪና ለመግዛት ስንት ዓመት እንደምንሠራ መኝታ ክፍል ውስጥ ስናወራ አንድም ቀን አስልተን አናውቅም።

«ግድ የለም፥ ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው» የሚሉም አሉ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ተከልክሏል። መብራታችን በአብዛኛው ከውሃ ኃይል የሚመነጭ በመሆኑ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም፤ ጭሱ ይቀራል፥ ጆሮም ያርፋል። ነገር ግን ያን ቀን የመምህሬ መኪና የኤሌክትሪክ ብትሆን ኖሮ ጓደኛዬ ከመረጨት ይድን ነበር? እንዲያውም ድምፅ ስለሌላት ከኋላው መምጣቷን ጭራሽ ባላወቀ ነበር። 12 ካሬ ሜትሩም ያው 12 ነው። አዲሱ ሞተር የጭሱን ነገር ይፈታል፤ የፊቴን ነገር አይፈታም።

ይህን ስል የሚመጣብኝን አውቃለሁ። አንዱ ጓደኛዬ፥ «አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች የዳገት ከተማ ናት፤ እዚህ ብስክሌት ቅብጠት ነው» ይለኛል። የከተማዋን ዳገት አልክድም። ግን የምናገረው ስለ ግቢ ነው፤ ከዋናው በር እስከ መጨረሻው ሕንፃ ለጤነኛ እግር ሩብ ሰዓት አይሞላም። ለዝናቡ ደግሞ ጣራ ያለው መተላለፊያ ከመኪና ይረክሳል።

አንዲት የክፍላችን ልጅ ግን አፌን አስያዘችኝ። «አንተ ማታ በእግርህ መንሸራሸር ትወዳለህ፤ እኔ እፈራለሁ። ያገኘሁት መኪና ውስጥ ብገባ ትፈርድብኛለህ?» አለችኝ። አልፈርድባትም። መብራት የሌለው መንገድ ለወንድ መናፈሻ፥ ለሴት ሥጋት ነው። እግረኝነትን የሚሰብክ ሰው ከስብከቱ በፊት አምፖል ያሰቅል።

ከሁሉ የበለጠው ጥያቄ መራመድ የማይችሉትን የሚመለከተው ነው። «መኪና ስትከለክል የምትጎዳው ያንኑ ጓደኛህን አይደለም ወይ?» ይሉኛል። እዚህ ላይ አበበ ቢቂላን አስታውሳለሁ። በ1952 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ሮማ ውስጥ 42 ኪሎ ሜትሩን በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ፤ በ1957 ዓ.ም. ደግሞ ቶኪዮ ላይ ደገመው። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. የመኪና አደጋ ደረሰበትና ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ፤ ከዚያ ወዲያ እስኪሞት ድረስ በተሽከርካሪ ወንበር ነበር የሚሄደው። የዓለምን እግር ሁሉ የቀደመ እግር! እግር ለማንም የዘላለም ርስት አይደለም። ከመካከላችን ዛሬ የሚሮጠው ነገ ክራንች ሊይዝ ይችላል፤ ዕድሜ ከሰጠን ሁላችንም ምርኩዝ መያዛችን አይቀርም።

ስለዚህ የመንገድ ልክ መወሰድ ያለበት ክራንች ከያዘው ሰው ነው ባይ ነኝ። ለእርሱ የተመቸ መንገድ ለሯጩም፥ መጻሕፍት ለተሸከመችውም፥ ለአዛውንቱም ይመቻል። ለመኪና ብቻ ታስቦ የተሠራ ግን ለሌላው አይመችም። መንገዱ ተስተካክሎም ለማይበቃው ሰው በግቢው ውስጥ ቀስ እያለች የምትዞር አንዲት ሰርቪስ ትኑር፤ የታመመ፥ ነፍሰ ጡር፥ መራመድ የሚያስቸግረው ሁሉ ይግባባት። እንዲህ ያለችውን መኪና ማን ይቃወማል? እኔን ያሳፈረኝ መግባት የሚገባው ሰው በጭቃ ሲሄድ፥ ሁለት ጤነኛ እግር ያለኝ እኔ ተቀምጬ ማለፌ ነው። በዚያች መኪና ውስጥ አንድ ባዶ ወንበር ነበረ። «መምህር፥ እርሱ ይግባ፥ እኔ ልውረድ» ማለት እችል ነበር። አላልኩም። አልመጣልኝምም። ከሁሉ ያስደነገጠኝ አለመምጣቱ ነው።

«አገሩ በስንት መከራ ላይ እያለ አንተ ስለ ግቢ መንገድ ትጽፋለህ?» የሚለኝም አይጠፋም። ለእርሱ የምመልሰው በታሪክ ነው። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የነዳጅ ዋጋ ሲጨምር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ መምህራንም በራሳቸው ጥያቄ አድማ መቱ፤ መንግሥት የነዳጁን ዋጋ መልሶ ለመቀነስ ተገደደ። በመስከረም 1967 ዓ.ም. ዘውዱ ወረደ። ዘውዱን የጣለው ታክሲ ነው አልልም፤ ብዙ የቆየ ምክንያት ነበር። ግን ሰው እንዴት ሄዶ እንዴት እንደሚመለስ ትንሽ ጉዳይ አይደለም። እንጀራውም፥ ትምህርቱም፥ ሐኪም ቤቱም ከመንገዱ ማዶ ነው። በከተማችን በመኪና አደጋ የሚሞቱት አብዛኞቹም እግረኞች ናቸው። በ2011 ዓ.ም. አንዳንድ ጎዳናዎችን ለአንድ ቀን ከመኪና ነፃ የማድረግ ልማድ ሲጀመር «መንገድ ለሰው» የሚል ስም ተሰጠው። አራት ፊደልና ሦስት ፊደል ብቻ ነው እያልኩ ስቄበት ነበር፤ አሁን ግን ከዚያ የበለጠ ጥያቄ የያዘ ስም አላውቅም። መንገድ ለሰው ካልሆነ ለምን ነበር?

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። መኪኖች በሩ አጠገብ ቆመው ባለቤቶቻቸው እንደዚያ ባላባት ወርደው ይግቡ፤ መራመድ ለማይችልና ዕቃ ለሚያራግፍ ብቻ በሩ ይከፈት። ቦዩ ይከደን፥ መብራቱ ይብራ፥ ለብስክሌት ማቆሚያ ይተከል። ተቀምጠው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ያስቸግራል ይባላል፤ መኪና ውስጥ ተቀምጠን የለመድነውን ነገር ደግሞ ማውረድ ያለብን ቆመን፥ በእግራችን ሆነን ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲሉም ልብ አላልነውም እንጂ እንቁላሉ በመጨረሻ የሚሄደው በእግሩ ነው!

መምህሬን አልወቅሳቸውም፤ ያን ቀን ከግቢው ሁሉ ለእኔ ያዘኑልኝ እርሳቸው ብቻ ነበሩ። ደግነታቸው ግን መስኮቱ እስከሚያሳያቸው ድረስ ብቻ ሄደ። የሁላችንም ደግነት እንዲሁ ነው፤ ተቀምጠን ከሆነ የምናየው ጥቂት ነው።

ዛሬ ጥቅምት ገብቷል። ዝናቡ አልፏል፥ የቦዩ ክዳን ግን ገና ነው። አንዳንድ ቀን ከዚያ ጓደኛዬ ጋር ከመኝታ ክፍል እስከ ክፍል አብረን እንሄዳለን። ለእኔ የአምስት ደቂቃ መንገድ ከእርሱ ጋር አሥራ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ጊዜ ጥዬው ሄጄ፥ ወሬዬን ለብቻዬ ሳወራ ቆይቼ ነው የነቃሁት። «ኸረ ቀስ በል፥ መኪና ውስጥ ያለህ መሰለህ እንዴ?» ብሎ ከኋላዬ ጮኸ። አሁንም አንዳንዴ እቀድመዋለሁ። ገና እየተማርኩ ነው።

የማይስማማ ካለ ለሚቀጥለው ዕትም ብዕሩን ያንሣ፤ ይኸው መንገዱ።